ወይኑን ቅመሱ፣ እጁን አትጠይቁ

ውሸት ሁልጊዜ በአፍ አይነገርም። አንዳንዱ ውሸት በዝምታ ይመጣል፤ ያውም ነጭ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ፣ ከአይብና ከቸኮላት ጋር፣ ከነፈገግታው ይቀርባል። የዛሬው ሙግቴ ከዚህ ዓይነቱ ውሸት ጋር ነው። ሙግቱን የምጀምረው ከሩቅ፣ ከደቡብ አፍሪካ ነው፤ የምጨርሰው ግን እዚሁ እኛው ደጃፍ ስለሆነ፣ አንባቢ «ታዲያ እኔን ምን አገባኝ?» ብሎ ገጹን ከመግለጡ በፊት ጥቂት ይታገሠኝ።

ነገሩ የወይን ጠጅ ጉብኝት የሚባለው ነው። ስቴለንቦሽ ከኬፕታውን በስተምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ፣ በተራሮች መካከል የተኛች ውብ ከተማ ናት። በ1679 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የመሠረታትና ስሙን የሰጣት የኔዘርላንድስ ምሥራቅ ህንድ ኩባንያ የኬፕ አዛዥ የነበረው ሲሞን ቫን ደር ስቴል ነው። በ1971 ሦስት የአካባቢው ወይን አምራቾች ፈረንሳይ አገር ያዩትን አብነት ወስደው በደቡብ አፍሪካ የመጀመሪያውን «የወይን መንገድ» አቋቋሙ። ከዚያ ወዲህ ጎብኚ በትንሽ በትንሽ ቡድን እየተከፈለ፣ ከምሳ በኋላ በሚኒባስ ይጫንና ከእርሻ እርሻ እየዞረ ሲቀምስ ያመሻል። እኔም በአንድ የየካቲት ወር ከሰዓት በኋላ ከሰባት ሌሎች ሰዎች ጋር ተሳፍሬ ሦስት እርሻ ዞሬአለሁ። የማወራው ሰምቼ ሳይሆን ቀምሼ ነው።

የሚመሰገነውን አስቀድሜ ላመስግን። ወይን ጠጁ ግሩም ነው። አገሩም ውብ ነው። ፒኖታዥ የሚሉት ቀይ ወይን እዚያው ስቴለንቦሽ ውስጥ የተፈጠረ ነው፤ አብርሃም ፔሮልድ የተባሉ ፕሮፌሰር በ1925 ፒኖ ኗርና ሳንሶ የተባሉትን ሁለት የፈረንሳይ ዝርያዎች አዳቅለው ያገኙት ነው። አስጎብኚያችን ይህን ሁሉ ያውቃል። ትሁትና አንደበተ ርቱዕ ወጣት ነበር። ብርጭቆ በቀጭን እግሩ እንደሚያዝ፣ ወይኑ ሽታውን እንዲሰጥ ክብ ክብ እየተደረገ እንደሚናጥ፣ ከዚያ በአፍንጫ፣ ከዚያ በምላስ፣ በመጨረሻም ካልፈለጉት በተዘጋጀው ዕቃ ውስጥ ትፍ እንደሚባል አስተማረን። በየእርሻው አምስት አምስት ዓይነት ቀመስን። ሂሳቡን አስቡት፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ አሥራ አምስት ዓይነት ወይን ጠጅ!

አስጎብኚው ስለ አፈሩ ነገረን። ከባሕር ስለሚመጣው ነፋስ ነገረን። በርሜሉ ከየትኛው የኦክ እንጨት እንደተሠራ፣ ስንት ወር በውስጡ እንደሚያቆይ ነገረን። የነጫጭ ቤቶቹን ጉልላት ከነታሪኩ አብራራልን። የባለቤቶቹን የዘር ሐረግ እስከ ስምንተኛ ትውልድ ቆጠረልን። በዚያ ሁሉ ሰዓት ውስጥ ግን አንድ ነገር አልተነሳም፤ ወይኑን የተከለው፣ የገረዘው፣ የለቀመውና የጨመቀው እጅ። ሦስት መቶ ስድሳ ዓመት ያለፈው የወይን ታሪክ ለቃሚ የሌለው፣ ፍሬው ራሱን ቆርጦ ቅርጫት ውስጥ የሚገባ ይመስል ነበር።

ያልተነገረውን እኔ ልናገር።

ያን ቫን ሪቤክ የኩባንያውን ሰፈር ሊያቋቁም ኬፕ የደረሰው በ1652 ነው። በ1658 ሁለት መርከቦች፣ አንዱ ከአንጎላ ሌላው ከጊኒ ጠረፍ የተጋዙ ባሪያዎችን አራገፉ። የኬፕ የመጀመሪያው ወይን የተጨመቀው ደግሞ በቀጣዩ ዓመት፣ የካቲት 2 ቀን 1659 ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ። ባሪያው ከወይን ጠጁ ቀድሞ ደርሷል። በዚያው በ1659 የአገሩ ተወላጆች የሆኑት ኮይኮይ የግጦሽ መሬታችን ተወሰደ ብለው ጦር አነሱ። በ1660 እርቅ ሲጠይቁና መሬታቸው እንዲመለስላቸው ሲለምኑ፣ መሬቱ በጦርነት የተገኘ ነውና አይመለስም የሚል መልስ እንደተሰጣቸው ቫን ሪቤክ ራሱ በዕለት ማስታወሻው ጽፎታል። ከዚያም ከብታቸውን ይዘው እንዳይገቡ የመራራ ለውዝ አጥር ተተከለ። የዚያ አጥር ቅሪት ዛሬም ኪርስተንቦሽ በሚባለው የዕፅዋት ማዕከል ውስጥ ይታያል። መጽሐፍ ቅዱስ ያነበበ ሰው የናቡቴን የወይን ቦታ ታሪክ ያውቃል። ልዩነቱ አክዓብ የናቡቴን ወይን ጎብኝቶ ደስ ይበላችሁ ብሎ ቲኬት አለመቁረጡ ነው።

ስቴለንቦሽ በተመሠረተችበት በ1679 ኬፕታውን ውስጥ የኩባንያው የባሪያዎች ማደሪያ ቤት ተሠራ። ከተማዋና ማደሪያው እኩያ ናቸው። እስከ 1808 ድረስ ከማዳጋስካር፣ ከሞዛምቢክ፣ ከህንድና ከዛሬዋ ኢንዶኔዥያ 60 ሺህ ያህል ሰዎች በባርነት ወደ ኬፕ ተግዘዋል። ጎብኚ ፎቶግራፍ የሚነሳበት በየእርሻው የቆመው ነጭ የደወል ማማ እነዚህን ሰዎች ከእንቅልፍ ሲቀሰቅስና ወደ ሥራ ሲጠራ የኖረ ደወል ነው። የከተማዋ መሥራች የሲሞን ቫን ደር ስቴል የራሱ አያት፣ የእናቱ እናት፣ ከባርነት ነፃ የወጣች ህንዳዊት እንደነበረች ይጻፋል። ይህም እንኳ ከስምንት ትውልድ የዘር ሐረግ ቆጠራ ውስጥ ቦታ አላገኘም።

ታኅሣሥ 1 ቀን 1834 ባርነት በሕግ ተሻረ፤ ሆኖም «የሥራ ልምምድ» በሚል ስም ነፃ ወጡ የተባሉት ሰዎች ለተጨማሪ አራት ዓመት፣ እስከ 1838፣ እዚያው ጌታቸው ዘንድ እንዲቆዩ ተደረገ። የእንግሊዝ መንግሥት በግዛቱ ሁሉ ካሳ 20 ሚሊዮን ፓውንድ መደበ። ለማን? ባሪያቸው ለተወሰደባቸው ጌቶች። ለባሪያው ሰባራ ሳንቲም አልተሰጠም። ስለዚህ ነፃ የወጣው ሰው ከእርሻው በር ወጥቶ የሚሄድበት ስላልነበረው በዚያው በር ተመልሶ ገባ።

ሲመለስ የጠበቀው ዶፕ ነው። ዶፕ በአፍሪካንስ ቋንቋ የአንድ ጊዜ መጠጥ፣ አንድ መለኪያ ማለት ነው። ሠራተኛው የደመወዙ ከፊል ሆኖ ርካሹን፣ ለገበያ የማይወጣውን ወይን በቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ እየተቀዳለት ይጠጣል። ጠዋት ሥራ ሳይጀምር፣ ረፋድ ላይ፣ በምሳ ሰዓት፣ ማታ። ጌታው በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ገደለ፤ ከደመወዙ ቀነሰ፣ ሠራተኛውንም በሱስ አሠረው። ሰንሰለት ቁልፍ ያስፈልገዋል፤ ሱስ ግን ቁልፍ አይፈልግም። ይህ ሥርዓት በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሕግ ቢከለከልም በየእርሻው ጓሮ እስከ 1990ዎቹ ዘልቋል። ውጤቱም ከሕጉ ይልቅ ዕድሜ አለው። በእናት ማሕፀን ሳሉ በአልኮል የሚጎዱ ሕፃናት ቁጥር በዓለም ላይ እጅግ ከፍተኛ ሆኖ ከተመዘገበባቸው ሥፍራዎች አንዱ ይኸው የምዕራብ ኬፕ ክፍለ ሀገር ነው። ጉዳቱ የአንጎል ጉዳት ነው፤ በሕክምና አይመለስም። ልጁ ጠርሙስ ሳይነካ፣ የቅድመ አያቱን ደመወዝ በገዛ ጭንቅላቱ ይከፍላል።

እንግዲህ ይህን እያሰባችሁ ያን የመትፊያ ዕቃ ተመልከቱ። በአንድ አገር፣ በአንድ ተራራ ሥር፣ አንዱ ሰው እንዲውጥ ተደርጓል፤ ሌላው ደግሞ ለመትፋት ይከፍላል። ለመሆኑ ከዚህ የበለጠ የዚያን ምድር ታሪክ የሚያስረዳ ነገር አለ? አስጎብኚው ዕቃውን ብድግ አድርጎ ይህን ብቻ ቢነግረን የሦስት ሰዓት ትምህርት በሆነ ነበር።

አንድ ሌላ ነገርም አለ፤ የሰዓቱ ነገር። የካቲት በዚያ አገር የወይን ለቀማ ወር ነው። ጥሩ ወይን ጠጅ የሚሆነው ፍሬ በእጅ የሚለቀም ከሆነ ሙቀት ሳይነካው ነውና፣ ሠራተኞቹ ከንጋት ጀምረው ፀሐይ ሳይበረታ ይለቅማሉ። ጉብኝቱ ደግሞ ከምሳ በኋላ ነው። እኛ ስንደርስ ማሳው ባዶ፣ አረንጓዴና ጸጥ ያለ ነበር። ተንኮል ነው አልልም፤ ጎብኚ ጠዋት ወይን ጠጅ መቅመስ ስለማይወድ ይሆናል። ውጤቱ ግን አንድ ነው። የለቀመችው ሴት ስትሄድ እኛ እንመጣለን፤ አንተያይም። መንገዱ ዳር ቀና ብሎ ለሚያይ ካያማንዲ የሚባለው የጥቁሮች ሰፈር የቆርቆሮ ጣሪያ ከኮረብታው ላይ ይብረቀረቃል። ሚኒባሱ ግን ወደዚያ አይታጠፍም።

በቦታው ጠይቄአለሁ። «ይህን ፍሬ ዛሬ ጠዋት የለቀሙት ሰዎች የት ነው የሚኖሩት? በቀን ስንት ያገኛሉ?» አልኩት። ወጣቱ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ የሚናገረውን መሥሪያ ቤቱ በወረቀት እንደሚሰጠውና ይህ በወረቀቱ ላይ እንደሌለ ነገረኝ። እሱን አልወቅሰውም። እንጀራው ነው። የምወቅሰው ወረቀቱን ነው።

መልሱን ያገኘሁት ከአስጎብኚ ሳይሆን ከአንድ የአገሬ ልጅ ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከድሆች ሰፈር ትንሽ ሱቅ ከፍተው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። ይህም ልጅ ከነሱ አንዱ ሲሆን ደንበኞቹ የእርሻ ሠራተኞች ናቸው። የዱቤ ደብተሩን ገልጦ አሳየኝ። «ጋሼ፣ ይኸውልህ» አለኝ፤ «ለቀማ ሲሆን ይከፍላሉ። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ክረምታቸው ግን ብዙዎቹ ሥራ ስለሌላቸው ዳቦና ስኳሩን እየጻፍኩ ነው የምሰጣቸው። አብዛኞቹ ሐቀኞች ናቸው፤ በጥር ይመልሳሉ።» የአንድ አገር የወይን ታሪክ በሙሉ ልብስ የተሸፈነ መጽሐፍ ላይ ሳይሆን እጀታው በቅባት በጠቆረ የዱቤ ደብተር ላይ ተጽፎ አየሁ።

አሁን ተቃዋሚዎቼን ላስተናግድ። ይህን ነገር ለወዳጆቼ ባነሳሁ ቁጥር የሚመጡት መከራከሪያዎች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው «ሰው ለመዝናናት ከፍሎ መጥቶ የባርነት ታሪክ ይነገረው?» የሚል ነው። ጥሩ። ግን እኮ አሳዛኝ ታሪክ ተነግሮናል! ሁጉኖት የተባሉት የፈረንሳይ ፕሮቴስታንቶች በሃይማኖታቸው ምክንያት ተሳደው፣ አገራቸውን ጥለው፣ በ1688 ኬፕ መድረሳቸውን አስጎብኚያችን ልብ በሚነካ ድምፅ ተርኮልናል። የቡድናችን ሰዎችም ራሳቸውን እየነቀነቁ አዝነዋል። ማንም «ደስታዬን አበላሸኸው» አላለም። ስለዚህ ጉዳዩ ኀዘን መኖር አለመኖሩ አይደለም። ጉዳዩ የማን ኀዘን ከወይን ጠጅ ጋር ይቀርባል፣ የማንስ ይደበቃል የሚለው ነው። ተሳዶ የመጣው ይታዘንለታል፤ ታስሮ የመጣው ይረሳል።

ሁለተኛው «ያለፈ ነገር ነው፤ ይብቃ» ይላል። የእኛ ሰው ሲናገር የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላል። እኔ ግን እዚህ ላይ ወደ ተረት መሄድ እንኳ አያስፈልገኝም። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2011 ባወጣው ዘገባ በምዕራብ ኬፕ የወይንና የፍራፍሬ እርሻዎች ላይ ለሰው የማይመጥን መኖሪያ፣ በቂ መከላከያ የሌለው የፀረ ተባይ ርጭት፣ መጸዳጃና የመጠጥ ውሃ እጦት፣ ከቤት መፈናቀልም እንዳለ መዝግቧል። በ2012 ዴ ዶርንስ በተባለችው፣ ለገበታ የሚሆን ወይን በሚመረትባት አካባቢ የተነሳው የሠራተኞች አድማ ወደ ሌሎች የክፍለ ሀገሩ እርሻዎች ተዛመተ። በዚያን ጊዜ ዝቅተኛው የቀን ደመወዝ 69 ራንድ ነበር። የጠየቁት 150 ነበር። በአድማው ውስጥ ሰው ሞቷል። ከመጋቢት 2013 ጀምሮ 105 ራንድ ሆነ። ይህ ነው «ያለፈ» የተባለው። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ዓመት እያነበቡ ወይን ለሚያደንቁ ሰዎች 2012 ያለፈ ዘመን ሳይሆን ጥሩ የመኸር ዓመት ነው!

ሦስተኛው መከራከሪያ ከሁሉ የሚከብደው ነው። «ጉብኝቱ ለነዚያው ድሆች እንጀራ ነው፤ አንተ ስማቸውን ብታጠፋ የሚራቡት እነሱ ናቸው» ይላል። እውነትነት አለው። ስለዚህ አትሂዱ፣ አትጠጡ አላልኩም፤ አልልምም። ወይን ጠጅ ኃጢአት ነው የሚል ስብከትም የለኝም። የምለው እውነቱ ከወይን ጠጁ ጋር ይቅረብ ነው። እንደሚቻልም ማስረጃ አለ። ፍራንሽሁክ ሸለቆ ውስጥ ሶልምስ ዴልታ የተባለው እርሻ በ2000ዎቹ አጋማሽ በግቢው ውስጥ ሙዚየም ከፍቶ፣ እዚያ መሬት ላይ በባርነት የኖሩትን ሰዎች ስም ግድግዳ ላይ ጽፎ ለጎብኚ አሳይቶ ነበር፤ ሠራተኞቹንም ባለድርሻ ለማድረግ ሞክሯል። እርሻው ከዓመታት በኋላ በገንዘብ ችግር መውደቁን አልደብቅም። ግን ጎብኚ ስሞቹን አንብቦ ሸሸ የሚል ሰው ካለ ማስረጃውን ያምጣ። የባሪያ ማደሪያው ቤት ራሱ ዛሬ ሙዚየም ነው፤ ሰውም ከፍሎ ይገባል። እውነት ገበያ የለውም ያለው ማን ነው?

ወደ ቤታችን እንግባ። «እኛ ቅኝ አልተገዛንም፤ ይህ የነሱ ጣጣ ነው» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ባርነትን በሕግ የሻረው የኢትዮጵያ አዋጅ የወጣው በ1942 ነው። ከዚያ በፊት በየታላላቁ ግቢ ጌሾውን የወቀጠው፣ ውሃውን ከወንዝ የቀዳው፣ ጋኑን ያጠነው፣ ጠጁን የጣለው ማን ነበር? ስለ ጠጅ ስናወራ የንጉሡን ግብር፣ የብርሌውን አንገት፣ የአዝማሪውን ግጥም እናወራለን። የጣዩዋን ስም ግን የሚያውቅ እጁን ያውጣ። እኛም የራሳችን ወረቀት አለን፤ ያልተጻፈበት ነገር ብዙ ነው።

ዛሬም ወረቀቱን እያባዛነው ነው። ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ዝዋይ አጠገብ ወይን ተክሎ በ2014 የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች ለገበያ ሲያወጣ ዜናው በዓለም ተሰማ። ጉማሬና ዘንዶ ወደ ማሳው እንዳይገባ ስለተቆፈረው ቦይ ያልተጻፈበት ጋዜጣ አልነበረም ማለት ይቻላል። ጉማሬው ታወቀ። ለቃሚዋስ? በቡናውም እንዲሁ ነው። እንግዳ ይርጋጨፌና ከፋ ድረስ እየወሰድን ስለ ጫካው ጥላ፣ ስለ ከፍታው፣ ስለ ረከቦቱና ስለ ዕጣኑ እንተርክለታለን። ቀይ ፍሬውን አንድ በአንድ ስለምትለቅመው ገበሬ፣ መጋዘን ውስጥ ቀኑን ሙሉ አቀርቅራ የቡናውን ጥቁር ከነጩ ስለምትለየው የከተማ ሴት፣ በቀን ምን ይዛ እንደምትገባ ግን ትንፍሽ አንልም። ቱሪዝማችን ገና ልጅ ነው። ልጅ ደግሞ ያየውን ይቀዳል። ከስቴለንቦሽ ብርጭቆ አያያዙን፣ የቤቱን ንጽሕና፣ የእንግዳ አቀባበሉን እንቅዳ፤ ዝምታውን ግን እዚያው እንተውላቸው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ በማንኛውም የእርሻ ጉብኝት ላይ አስጎብኚው ምርቱ በስንት ሰው እጅ እንደሚያልፍና ሰዎቹ በቀን ስንት እንደሚያገኙ ይናገር። ሁለተኛ፣ ከሥራው የሚያውቅ አንድ ለቃሚ፣ ፈቃዱ ከሆነ፣ ተከፍሎት ስለ ሥራው ለእንግዳው ያስረዳ፤ መሬቱን ከርሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ሦስተኛ፣ ጉብኝቱ አንዳንድ ጊዜ እንኳ በጠዋት ይሁን፤ እጁ ሥራ ላይ ሳለ። አራተኛው ለእኛ ለጎብኚዎቹ ነው። አፋችንን ለመቅመስ ብቻ አንክፈት፤ እንጠይቅበትም። ጥያቄ የሚበዛበት አስጎብኚ ወረቀቱን ለማስለወጥ ምክንያት ያገኛል። ጠያቂ የሌለበት ወረቀት ግን ሦስት መቶ ዓመት ይኖራል፤ መኖሩንም በዓይኔ አይቻለሁ።

የዝዋይም ሆነ የይርጋጨፌ አስጎብኚ ሆይ፣ እንግዳህ ከመኪና ሲወርድ ስለ ጉማሬው መንገርህ ደስ ይለናል። የለቃሚዋን ስም ግን ከጉማሬው አስቀድመህ ጥራልን።